የስብሰባው ክብደት

መርማሪ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ የመድረክ መጋረጃ ገልጣ ስትገባ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማች። አመጣጧ ሚዛን የሚሰቀልበት ጠንካራ ሚስማር ፍለጋ እንጂ የሰው ገመና ፍለጋ አልነበረም። ግን ያቺ ልጅ ድምፅ ከሰማች ምንጩን ሳታይ አትመለስም። ሰፈርተኛው «መርማሪ» ያላት ወዶ አይደለም። በሕፃንነቷ ሬዲዮ ውስጥ ያለውን ሰውዬ ለማየት ብላ የአባቷን ሬዲዮ ፈታታ ያስቀረች ናት።

ድምፁ የመጣው ከመድረኩ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት ነበር። በተሰበሩ ወንበሮችና ቆዳው በተቀደደ ከበሮ መካከል ጓደኛዋ ተንበርክካ፣ የታሸገ ውሃ ክዳኑን እየፈታች ወደ መስታወት ጆግ ትገለብጣለች። አጠገቧ ያለው ጆንያ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ጠግቦ አፉን ከፍቷል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች መርማሪ።

ጓደኛዋ ክው አለች። «ውይ! አንቺ ነሽ? በሩን ዝጊው!»

«ውሃ ነው?»

«አይ፣ ነዳጅ ነው። ዝጊው አልኩሽ እኮ!»

ይቺ ደግሞ «ሊቀመንበር» ናት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊቀመንበር ሆና ከተመረጠች ወዲህ የቤት ስሟን የሚያስታውስ ጠፍቷል። እናቷ እንኳ «ሊቀመንበር፣ ሳህኑ ይታጠብ!» ነው የምትላት። ዛሬ እንዳትረሳ ብላ ነው መሰል፣ ሹመቷን በአረንጓዴ ጥብጣብ እጅ አንጓዋ ላይ አስራዋለች።

«ጠዋት ቧንቧውን ስከፍተው ቀይ ጭቃ ተፋብኝ» አለች ሊቀመንበር፣ እጇ ግን ማንቆርቆሩን አላቆመም። «የውሃ ማጣሪያው ላይ ባፈስሰው ይደፍነዋል። ሰው ደግሞ መምጣቱ ነው። ምን ላድርግ? ወንድሜን ሱቅ ላክሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንቺ? አንቺ ጠይቀሽ ሳትጨርሺ ስብሰባው ያልቃል!»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ይቺኛዋ ገና ማፍሰሱ ላይ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው አምና ነው። ስብሰባ ሲባል ሰው የሚያስበው ንግግሩን ነው። ንግግሩማ ከአፍ ወጥቶ በነፋስ ይሄዳል። የማይሄደው ሌላ ነው። አምና የወላጆች ስብሰባ ሲያበቃ አዳራሹ ወለል ላይ የቀረው ብዙ ነበር። ግማሹ ያልተጠጣ የታሸገ ውሃ፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ የፈነዳ ፊኛ፣ ቀን ስለታተመበት ለከርሞ የማይሆን የፕላስቲክ ባነር። ሰው እጁን አራግፎ ቤቱ ሲገባ መርማሪ ግን «ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል?» ብላ ጋሪውን ተከተለች። ጋሪው ከኳስ ሜዳው ጀርባ ተገለበጠ፤ ክብሪት ተጫረበት፤ ጥቁሩ ጭስ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት የተሰጣ ልብስ ላይ አረፈ። እሳቱ ያልደረሰበትን በጆንያ ሞልታ በቀጥታ ወደ አክስቷ አትክልት ቤት ወሰደችው።

«ሽንኩርት በምመዝንበት ቆሻሻ ልትመዝኚ?» አለች አክስቷ። «ምነው፣ ጤነኛ ነሽ?»

«አንድ ስብሰባ ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ስብሰባ ሲመዘን የት አይተሻል? ወሬ ኪሎ የለውም!» ብላ ተሳለቀች። ቆየት ብላ ግን ራሷ መነጽሯን አድርጋ መርፌው ላይ አጎነበሰች። ሰው ሆኖ ማየት የማይወድ የለም።

ሊቀመንበር ይህን በሰማች ማግስት ከጓደኛዋ ጥያቄ እቅድ አወጣች። ዘንድሮ ወላጅ ሁሉ ኩባያውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ውሃው ከቧንቧ ተቀድቶ ይጣራል። የሚቀርበው ሙዝና ልጣጩ የተራገፈ ኦቾሎኒ ነው፤ የሙዙ ልጣጭ ለአትክልት ቦታው ይሆናል። ባነሩም ቀን ያልተጻፈበት፣ በቀለም የተሳለ የጨርቅ ባነር ነው። መጨረሻ ላይ የወጣው ቆሻሻ በሙሉ መድረክ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ሚዛን ላይ ይሰቀላል። መርፌውን አንብባ የምትናገረው መርማሪ ናት።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን ቋጥረው ነበር የሰሟቸው። «ቆሻሻ መድረክ ላይ? ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዳ በሚመጣበት ቀን?» ብለው ጠየቁና፣ «እሺ። ከተሳካ ዝግጅታችን ሁሉ እንዲህ ይሆናል። ከከሸፈ ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳታነሱብኝ» አሉ። የመርማሪ አክስትም ሚዛኑን ስታበድር አንድ ነገር ብላለች፦ «ይኸን ሚዛን ሰው ያምነዋል። እንዳታሰድቢብኝ።»

አሁን ዕቃ ቤት ውስጥ መርማሪ ጆንያውን እያየች ይህ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ዞረ።

«ባዶዎቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«እዚሁ ይቆዩ። ነገ አስወጣቸዋለሁ።»

«ሚዛን ላይ ሳይወጡ?»

«ኧረ ባክሽ! ባዶ ፕላስቲክ እኮ ነው፤ እፍ ቢሉት ይበራል!»

«እንዲህ ከቀለለ ለምን ትደብቂዋለሽ?»

ሊቀመንበር ባዶውን ጠርሙስ ጆንያው ውስጥ ወረወረችው። «ስሚ። አንቺ መርፌው ያሳየውን ታነቢያለሽ፣ በቃ። ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ። እናቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች፤ ምክትሉ ደግሞ እንድንወድቅ ነው የሚጠብቁት። ከተናገርሽ... ከተናገርሽ ሁለተኛ አላይሽም!»

የመርማሪ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር። ቧንቧው ለምን ጭቃ ተፋ? ሁልጊዜ እንዲህ አያደርግም። ሚስማሩን አገኘች፣ ሚዛኑን መድረኩ ላይ ሰቀለች፣ ከዚያም በአዳራሹ መሃል አቋርጣ ወደ ግቢው ወጣች።

አዳራሹ ተሟሙቋል። የንግግሩን ነገር የሚያዳምጥ ጥቂት ነው፤ የሰው ዓይን የጎረቤቱ ኩባያ ላይ ነው። አንድ ሹፌር የቴርሞስ ክዳን ይዟል። አንዲት ነርስ የልጇን ጡጦ በስህተት ከቦርሳዋ አውጥታ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። አንድ ልብስ ሰፊ ኩባያውን ቤት ረስቶ ከሚስቱ ሲቀማ፣ «ትዳር ተጋርተን በኩባያ እንጣላ?» ይላታል።

«ጺምህን ጠርገህ ጠጣ!» አለችው።

ቧንቧው ከአበባው መደብ አጠገብ ነው። መርማሪ ባልዲ ደቅና ከፈተችው። እውነትም ቀይ! ባልዲውን ለአበባው አፈሰሰችና ደገመች፤ ቀላ ያለ ሻይ መሰለ። ለአበባው አጠጣችና ሰለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሰልችቶት ይተው ነበር። እሷ ግን መዳፏን ከውሃው ሥር አድርጋ መስመሮቿ እስኪታዩዋት ጠበቀች። ትምህርት ቤቱ እረፍት ላይ ሰንብቷል፤ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የከረመው ዝገት ነበር የወጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፣ ውሃም ጊዜ ሲሰጡት ይጠራል። ጠዋት ትንሽ የታገሰው ሰው ጠፋ እንጂ።

ማጣሪያውን ሞልታ፣ የተጣራውን በጆግ ይዛ ወደ መድረኩ ጀርባ ሮጠች። ሊቀመንበር ቀመሰችው፤ ደግማ ጠጣችው፤ ከዚያ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ተረፍን! ሁለተኛው ዙር ከዚህ ይቀዳል! እንግዲህ ምንም ውሸት የለም!»

«የመጀመሪያው ዙርስ?»

የሊቀመንበር እጅ ከአንገቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። በዚያች ቅጽበት ማይክሮፎኑ ጢው አለና የምክትሉ ድምፅ መጣ፦ «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ!»

ሁለቱም ወጡ። ክበቡ ከወለል የለቃቀመውን አንድ ትንሽ ከረጢት መርማሪ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀለችው። መርፌው ተንቀጠቀጠና ዜሮው አጠገብ ሊቆም ሲል ሕዝቡ ቁጥሩን ሳይሰማ አጨበጨበ። ምክትሉ ሳይቀሩ እጃቸውን አነሱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሊቀመንበር እናት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ታጨበጭባለች። የመርማሪ አክስት ብቻ አላጨበጨበችም፤ ነጋዴ ናትና መርፌው ሳይቆም ደስ አይላትም።

ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሴት እንግዳ ከመቀመጫቸው ተነሱ። አዋቂ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ለማመስገን ነው የሚነሳው፤ እኚህ ግን ለመጠየቅ ነበር።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አሉ። «ይህን ነገር ሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲያደርጉት ልንነግራቸው ነው። እኛን ሁልጊዜ የሚያቅተን ውሃው ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው ያለ ፕላስቲክ እንዴት አደረሳችሁ? ምንም አላስቸገራችሁም?»

ሊቀመንበር ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ዓይኗ መጀመሪያ እናቷ ላይ፣ ቀጥሎ ምክትሉ ላይ አረፈ። «ከቧንቧ ነው... አጣርተን... ምንም አላስቸገረንም» አለች፤ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ ሰጠመ።

«ግሩም ነው! በሉ ቁጥሩን እንስማ» አሉ እንግዳዋ፣ መጻፊያቸውን እያወጡ።

መርማሪ መርፌውን አየች። መርፌው አልዋሸም፤ የሰጡትን ነው የመዘነው። የምታነበው ቀላል ቁጥር ነበር። ግን ቁጥሩን ስታይ የታያት ሌላ ነገር ነው። በማታውቀው ትምህርት ቤት አንዲት የማታውቃት ልጅ፣ የስብሰባ ጠዋት ቧንቧ ከፍታ ቀይ ጭቃ ሲተፋባት። «እነሱን እኮ ምንም አላስቸገራቸውም» ብላ ብቻዋን ስትደነግጥ። ቧንቧውን ቀደም ብለሽ ክፈቺው፣ አበባ አጠጪበት፣ ይጠራል ያላት ሰው ሳይኖር። ደግሞ ከዚያ ባዶ ጠርሙስ ጋር የዛሬው ስብሰባ በእውነት ስንት ይመዝናል? ከአምናው ቀለለ ወይስ እኛ ነን ያቀለልነው? ዛሬ ካልታወቀ መቼም አይታወቅም። ይህችን ልጅ ደግሞ ሳያውቁ ከመቅረት የባሰ የሚያቃጥላት ነገር የለም።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ ምክትሉ።

«ገና ነው» አለች መርማሪ። ማይክሮፎን አልያዘችም፤ ግን ተሰማች። «መዝነን አልጨረስንም።»

ወደ ጓደኛዋ አላየችም። ካየቻት ሐሳቧን እንደምትለውጥ ታውቃለች። መጋረጃውን ገልጣ ዕቃ ቤቱ ገባች፣ የጆንያውን አፍ ጨበጠችና እየገፋች ወደ በሩ አመጣችው። ቀላል ነው፤ አየር ነው የተሸከመችው። ግን አየርም ሲጠራቀም ወርድ አለው፤ ጆንያው በጠባቡ በር መሃል ተሰነቀረ። በትከሻዋ ገፋችው። ውስጡ ተንኮሻኮሸ እንጂ አላለፈም። ከወዲያ አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ፊቷ ጋለ። ጆንያው በሩን ስለሞላው ከመድረኩ ምንም አይታያትም። እዚያ ማን ቆሟል፣ ማን ሄዷል፣ አታውቅም። ግንባሯን ጆንያው ላይ አስደገፈች።

ከዚያ በጆንያውና በመቃኑ መካከል ጣቶች ገቡ። የጆንያውን ጥግ ፈልገው አገኙና ጨበጡት። አንጓው ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ነበር።

«ግፊ» አለ የታፈነ ድምፅ ከወዲያ። «እኔ እስባለሁ።»

መርማሪ ገፋች። ጆንያው እየተንጫጫ በሩን አለፈ፤ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ ይዘውት ሕዝቡ ፊት ወጡ። አክስቷ ከመቀመጫዋ ተነስታ መነጽሯን አደረገች። ሊቀመንበር የጆንያውን አፍ ከትንሹ ከረጢት ጎን መንጠቆው ላይ አስገባች። መርፌው ተነቃነቀ። መርማሪም፣ ምክትሉም፣ እንግዳዋም፣ አዳራሹ ሁሉ የት ላይ እንደሚቆም ለማየት አንገቱን አሰገገ።