ዝም እንዲል የታዘዘው ኮምፒዩተር

ጋሽ ቢሻው ቦንጋ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ፣ በመርፌ ክፍሉ አልጋ ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ፊታቸውና ከንፈራቸው ከማበጡ የተነሣ የሚያውቃቸው ሰው እንኳ ቶሎ አይለያቸውም። ሸራ ጫማቸውን አንድ ሰው አውልቆ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስቀምጦላቸዋል፤ ቀዩ ጭቃ ገና አልደረቀበትም። ጥግ ላይ ያለው ኮምፒዩተር እንደበራ ነው። «ቢሻው ገብሬ፤ ዕድሜ 63፤ የማይስማማ መድኃኒት፦ አልተመዘገበም» ይላል።

ኢንስፔክተር በዛወርቅ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጫማቸውን ማን አወለቀ?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ነርሷ ሲስተር ብርቄ ከበሩ ሥር። «ከሞቱ በኋላ። ሌላ የማደርግላቸው ነገር አልነበረም።»

«እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«በትኩሳት ይቃዡ ነበር፤ ጎረቤታቸው በባጃጅ አመጣቸው። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ፔኒሲሊን አዘዙ። ስክሪኑን አየሁ፣ ምንም የለም። ወጋኋቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ አጠራቸው።»

«አስቀድሞ ቆዳ ላይ ትንሽ ሞክሮ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም?»

ብርቄ መሬት መሬት አየች። «አለ። ስክሪኑን አምኜ ተውኩት።»

ይህ መልስ ለብርቄ እንደማይበጃት በዛወርቅ አውቃለች። ያመነቻትም ስለዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሟች ልጅ ተሾመች ከምታስተምርበት ከደካ ደረሰች። አላለቀሰችም፤ ግቢው መካከል ቆማ ተናገረች እንጂ።

«አባቴ በጳጉሜ እዚሁ ቤት በዚሁ መርፌ ገላው ተቃጥሎ ነበር! ‹መዝገብ ላይ ጽፈውልኛል፣ አትስጊ› አለኝ በስልክ። አልሰጋሁም። እናንተን አምኜ አልሰጋሁም!»

የክሊኒኩ ባለቤት ጤና መኮንን ወርቅአፈራሁ አንገታቸውን ደፉ። ታካሚዎች ‹ዶክተር› ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አርመዋቸው አያውቁም። «ነርሷ ትንሽ ብትጠነቀቅ ኖሮ...» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። የዚያን ሌሊት ብርቄ ፖሊስ ጣቢያ አደረች። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት እንድትቀርብ ተወሰነ፤ ሌላ ነገር ካልተገኘ በቀር ለጋሽ ቢሻው ሞት የምትጠየቀው እሷ ብቻ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ሀፍሳ ኢንስፔክተሯን በራሷ ፈቃድ ጠራቻት።

«ከኮምፒዩተሩ በፊት በወረቀት እጽፋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ አልተውኩትም» አለች፤ ትልቁን መዝገብ ከቁም ሣጥኑ እያወጣች። «የጋሽ ቢሻው እዚህ ይኖራል። ጳጉሜ ሦስት...» ገለጠችና ቀጥ አለች። «ወይኔ! ተቀዷል!»

ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ መስከረም አንድ ነው። በመካከሉ የሦስት ሉክ ስፌት ብቻ ቀርቷል።

«የቁም ሣጥኑ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚያ ምስማር ላይ። ቁልፍ ነው ለማለት ያህል እንጂ...»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወደ ክፍሉ ገብተው ስፌቱን በጣታቸው ነኩ። «ሰው ማማት አልወድም፣ ኢንስፔክተር። ግን ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ፣ ጃፈር፣ ትናንት ኮምፒዩተሩን ልይ ብሎ እዚህ ለብቻው ተቀምጦ ነበር።»

«ሲስተር ብርቄስ?»

«እሷም ከመወሰዷ በፊት ገብታ ወጥታለች።»

በዛወርቅ አመሰገነቻቸው። ከዚያ ወንበር ስባ ሀፍሳን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠቻት፤ ራሷ መዝገቡን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከነሐሴ ጀምራ ቀን በቀን አስጠራቻት። በመዝገቡ ስንት ሰው፣ በኮምፒዩተሩ ስንት ሰው። ጣሪያው ላይ ዝናብ ጀምሮ አባራ፤ እነሱ ገና ጥቅምት ላይ ነበሩ።

«ጥቅምት ሃያ ስምንት።»

«አምስት ሰው።»

«እዚህም አምስት። ሃያ ዘጠኝ?»

ሀፍሳ ፈለገች። «የለም። ሠላሳም የለም። ወደ ኅዳር አንድ ዘለለ።»

በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም ቀኖች ሙሉ ናቸው፤ ሉኩም አልተነካም። በዛወርቅ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ጉንጯን ነካ ነካ አደረገች። «የጳጉሜንስ ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብተሽ ነበር?»

«አስገብቻለሁ! ጳጉሜ አንድ ቀን በቀይ ጽሑፍ እየጮኸ ቆመብኝ። ጃፈር መጥቶ ነካካውና ዝም አለ። ሲያመው ይጮህ ነበር፤ ዝም ሲል ዳነ ብዬ ማስገባቴን ቀጠልኩ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «አንዳንድ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ስሙን አጣለሁና እንደ አዲስ እመዘግበዋለሁ፤ ጋሽ ቢሻውንም እንደዚያው። አጻጻፌ ይሆናል ስህተቱ እል ነበር። ለማን ልንገር?»

ጃፈር ኮምፒዩተር በሚያስተምርበት ማሠልጠኛ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። አባቱ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው፤ እሱ ከኮሌጅ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ፊቱን ያየ እንቅልፍ እንዳላገኘ ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቹን ጥያቄዎች የሚጽፍበት ደብተር ተዘርግቷል። በዛወርቅ ሳትጠይቅ አነሣችው።

ርእሱ «የፓይተን ጥያቄዎች» ይላል፤ ፓይተን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ‹አንዱን ዝርዝር ስቀይር ሌላው ለምን አብሮ ይቀየራል?› ‹ስፔስና ታብ ብደባልቅ ምን ይሆናል?› መልሶቹ በትዕግሥት፣ በጥሩ እጅ ተጽፈዋል። ዘጠነኛው ላይ ቆመች።

«‹ፕሮግራሜ ስህተት ሲያገኝ እንዳይቆም ዝም ላሰኘው እችላለሁ?›» ብላ አነበበች። «‹ትችላለህ። ግን የታመመ ሰው አፍ እንደማፈን ነው፤ ጩኸቱ ይጠፋል፣ ሕመሙ ይቀራል።› ይህን መቼ ጻፍከው?»

«መስከረም ላይ።»

«የክሊኒኩን አፍ ያፈንከውስ?»

«ጳጉሜ አንድ» አለ ጃፈር። ዐይኑን አላሸሸም። «ፓይተን የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው፤ ዐሥራ ሁለት። እኔ የእኛን ቀን በቁጥሩ እንዳለ ሰጠሁት። ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣበት ጮኸ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ‹ታካሚ ፊት አያዋርደኝ፣ ዝም አሰኝልኝ፤ አምስት ቀን ናት› አሉኝ። ‹ሞክር፤ ካልሆነ እለፍ› የሚል ትእዛዝ ጨመርኩበት። ካልሆነለት ሰውዬውን ከነመረጃው ይጥለዋል፤ ለማንም አይናገርም።»

«ከዚያስ?»

«ከአዲስ ዓመት በኋላ ላስተካክለው አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ።» ደብተሩን ዘጋው። «ብርቄን ልቀቋት። ሰውዬውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«አትቸኩል። ኮምፒዩተርህ ዘንድ ሁለተኛው ወር ስንት ቀን አለው?»

«ሃያ ስምን...» ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ጥቅምት! ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳም ጠፍተዋል ማለት ነው!»

«ጠፍተዋል» አለች በዛወርቅ። «የመጨረሻ ጥያቄ። የጳጉሜ ሰዎች እንደሚጣሉ ለሰው ነግረህ ነበር?»

መልሱን ሰምታ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ተሰበሰቡ። ብርቄ በሴት ፖሊስ ታጅባ፣ ተሾመች በጥቁር ነጠላ፣ ሀፍሳ መዝገቡን ታቅፋ፣ ጃፈር ከኮምፒዩተሩ ጎን፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ።

«የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» ብላ ጀመረች በዛወርቅ። «ሉኮቹን ማን ቀደደ? ተሾመች፣ አንቺ ቅድም ሲስተር ብርቄ ናት ብለሽኛል።»

«ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«የአባትሽን ስም መደበቅ የፈለገ ሰው አንድ ሉክ ይበቃው ነበር፤ ጳጉሜ ሦስትን። የተቀደደው ግን አምስቱም ቀን ነው። ቀዳጁ ጥፋቱ በአንድ በሽተኛ ላይ ሳይሆን በጳጉሜ ላይ መሆኑን ያውቃል። ብርቄ ይህን አታውቅም፤ ስክሪኑን ያመነችውም ባለማወቋ ነው።»

«እኔስ?» አለች ሀፍሳ፣ ሳታስበው።

«አንቺማ መዝገቡን ራስሽ አመጣሽልኝ፤ ባታሳዪኝ እንዳለም አላውቅም ነበር። ዝም ያለ ማሽን የዳነ መስሎሽ ነበር።»

«እንግዲያ ጃፈር ነዋ!» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። «ነግሬሽ አልነበር?»

«እኔም እሱን ነበር የጠረጠርኩት። ግን ኮምፒዩተሩ ከጳጉሜ ሌላ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳንም ጥሏል፤ በፈረንጅ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ላይ ያልቃልና። ጃፈር ጥያቄዬን ሳልጨርስ ገባው። ጥፋቱን ሊደብቅ ቢፈልግ የጥቅምቱንም ይቀድ ነበር፤ የጥቅምቱ ሉክ ግን አልተነካም። የቀደደው ሰው ኮምፒዩተሩ ጳጉሜን እንደሚጥል ሰምቷል፤ ለምን እንደሚጥል ግን አያውቅም። ጃፈር፣ ለማን ነበር የነገርከው?»

«ለጋሽ ወርቅአፈራሁ» አለ ጃፈር በዝግታ። «‹የአምስቱ ቀን ሰዎች አይገቡም፤ ከመስከረም በኋላ ሀፍሳ ከወረቀቱ ደግማ ታስገባቸው› አልኳቸው። ‹እነግራታለሁ› አሉ።»

ሀፍሳ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ለእኔ የነገረኝ የለም።»

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ሣቅ ለማለት ሞከሩ። «የሱቅ ልጅ ቃልና የእኔ ቃል እኩል ሊሆን ነው?»

«ቃልዎን አልጠየቅኩም» አለች በዛወርቅ። ድምፅዋ አልጨመረም። «በእነዚያ ሦስት ሉኮች ላይ ያለው ቢሻው ብቻ አይደለም። ሀፍሳ፣ ስንት ሰው ይሆናል?»

«ወደ ሠላሳ። አንዲት የሺሺንዳ ሴትም ነበሩ፤ እሳቸውም ያው መርፌ ያሳበጣቸው። ስማቸው ጠፋኝ። ነፍሰ ጡር ነበሩ።»

«እኚያ ሴት ዛሬ ወይ ነገ ታመው እዚህ ይመጣሉ። ‹መዝግበውኛል› ይላሉ፤ እንደ ጋሽ ቢሻው አይሰጉም። ሉኮቹን አቃጥለዋቸው ከሆነ የሚያድናቸው የለም። ካላቃጠሏቸው ግን ገና ጊዜ አለ፣ ጋሽ ወርቅአፈራሁ።»

ተሾመች ወደ ሰውየው ተጠግታ ፊት ለፊት ቆመች። አልሰደበችም። ተመለከተቻቸው እንጂ።

ጋሽ ወርቅአፈራሁ ወደ ምርመራ ክፍላቸው ገቡ፤ ፖሊሷ ተከተለቻቸው። የደም ግፊት መለኪያውን ሣጥን ይዘው ተመለሱ። ከክዳኑ ሥር ሦስት ሉክ ወረቀት በአራት ታጥፎ ወጣ።

«ክብሪቱን ሁለት ጊዜ ጫርኩት» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ። ብርቄ፣ አንቺን...»

«ተዉት፣ ጋሼ» አለች ብርቄ። ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ፣ «ቆዳ ላይ አለመሞከሬን ግን እኔው ነኝ የምናገረው። እንዳይቀር» አለች።

«የእኔስ?» አለ ጃፈር።

«ያንተም ይጻፋል። ጥፋቱን ለሦስት እከፍለዋለሁ እንጂ ከማንም ላይ አላነሣም። አሁን ግን ተቀመጥ፣ ሥራ አለህ።»

ጃፈር ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ያቺን በጳጉሜ የጨመራትን መስመር ፈልጎ አገኛት፤ ከጎኗ በገዛ እጁ «ከአዲስ ዓመት በኋላ ይስተካከል» ብሎ ጽፎባት ነበር። አጠፋት። ሀፍሳ ሉኮቹን ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች ፈለገች።

«አገኘኋቸው! ወይዘሮ ፈርሐት፣ ሺሺንዳ። ስልክም አላቸው።» በዛወርቅ ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን እየተቀበለች ወደ ደጅ ወጣች።

«ሌሎቹንም ከመጀመሪያው ጥሪልኝ» አለ ጃፈር። ሀፍሳ ስምና ቀን ጠራች፤ እሱ ጻፈ። ስክሪኑ በቀይ ሞላ፤ ማሽኑም በዚያ በጳጉሜ ድምፁ ጮኸ። ጋሽ ወርቅአፈራሁ ደነገጡ። ጃፈር ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ተሾመች። «ይጩህ።»

ጃፈር እጁን መለሰ።