የመጨረሻዋ መስመር

ኪሩቤል ሹም አቦ ሰፈር ያለችውን የፎቶ ኮፒ ቤቱን ከፍቶ ማሽኑን ሲያበራ፣ ትናንት የተጨማደደች አንዲት ቅጂ ወለሉ ላይ አገኘ። ሊጥላት አነሣትና እጁ እዚያው ቀረ።

የገጹ የመጨረሻ መስመር የለችም።

መጀመሪያ ካወጣት የሙከራ ቅጂ ጋር አስተያያት። ሙከራውን የሠራው በራሱ ወረቀት፣ በኤ ፎር ነበር፤ ምንም አልጎደለበትም። የቀረውን ግን ማኅሌት ባመጣችው ወረቀት ነው የሠራው፤ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ለአባቷ የሰጣቸው ነው። ሁለቱን ደርቦ አያቸው። የአሜሪካው በጎን ጥቂት ይሰፋል፤ በቁመት አንድ ጣት ያህል ያጥራል።

ስልሳ ገጽ፣ ዐሥራ ሁለት ቅጂ። ሁሉም ግርጌው ተቆርጧል።

ሰዓቱን አየ።

መጽሐፉ የማኅሌት አባት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከነዜማ ምልክቱ በእጃቸው የጻፉት ነው። ቅጂዎቹን ትናንት ማታ ተረክበዋል፤ ጎርጎራ ላሉ ተማሪዎች ይዘው የሚሄዱበት ጀልባ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ኪሩቤልን ያስፈራው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ማኅሌት የትምህርት ማስረጃዋን ልታስገለብጥ መጥታ፣ ማሽኑ እስኪሞቅ ዝም ብለው ተያይተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የምታስገለብጠው አላልቅ አለ። ነገሩን ለአባቷ ስትነግራቸው፣ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሥራውን ልየው» አሏት።

ሥራው ይህ ነው።

ዝም ቢልስ? ዛሬ ማንም አያይም። ጀልባው ይሄዳል። ከዚያ አንድ ተማሪ እያዜመ ገጹ ግርጌ ሲደርስ ድምፁ ይቆማል።

ባጃጅ አስቆመ። «ወደብ! ቶሎ በለው!»

ሐይቁ ይናወጣል። ማኅሌት ነጠላዋን ከነፋሱ ጋር እየታገለች ዳር ላይ ቆማለች።

«ምነው? ፊትህ አመድ መሰለሳ!»

«ግርጌው ተቆርጧል። ሁሉም።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ዝም በል ኪሩ፣ በእመቤቴ! አባዬ እኮ አንዲት ምልክት የጣለ ሰው ስሙን ሁለተኛ አያነሡም። ሲመለሱ እናስተካክላለን።»

«እስከዚያ ተማሪዎቹ በምን ያጥኑ?»

ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ መንገዱን ለቀቀችለት።

መሪጌታ ጀልባው ላይ ቅጂዎቹን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ አጥፍቻለሁ። ከየገጹ የመጨረሻው መስመር የለም።»

አንዱን ገለጡ። ጣታቸው መስመር በመስመር ወረደና ጠርዙ ላይ ቆመ።

«እንዴት ሊቆረጥ ቻለ?»

ተከትላው የመጣችው ማኅሌት ልትናገር ስትል ኪሩቤል ቀደማት። «ሳልለካ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«እንነሣ?» አለ ባለጀልባው።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወረዱ። ሦስቱም በባጃጅ ወደ ሹም አቦ ተመለሱ።

ኪሩቤል ማሽኑን በኤ ፎር ሞላው። የመጀመሪያዋ ቅጂ ስትወጣ መሪጌታ ተቀብለው ግርጌዋን አዩ።

«ያ የሰጠኋችሁ ወረቀት ምን ነካው?»

«ችግሩ ልኩ ነው፣ የኔታ። ይኸኛውን ኤ ፎር ለሁለት ቢያጥፉት ያንሳል እንጂ የጎኑና የቁመቱ ምጣኔ ያው ነው፤ ደግመው ቢያጥፉትም ያው። ሁለት ገጽ አሳንሼ አንዱ ላይ ጎን ለጎን ባስቀምጥ ልክ ይገባል። የአሜሪካው ግን ሲታጠፍ ምጣኔው ይለወጣል፤ ወይ ባዶ ይተርፋል ወይ ይቆረጣል። ወረቀቱማ ደህና ነው፤ እኛ የምንጽፍበትም ማሽናችንም በዚህኛው ልክ ስለሆነ ነው።»

በወጣትነታቸው ብራና ፍቀው መጽሐፍ የጠረዙት መሪጌታ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አጠፉ። ደግመው አጠፉ። ሦስተኛ አጠፉና ያልታጠፈው ላይ አስቀምጠው አስተያዩት።

«በኪስ የሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ ይወጣዋል?»

«ይወጣዋል፣ የኔታ። አንዲት ምልክት ሳትቀር።»

«ለሐሙስ ጀልባ አድርስልኝ።»

ተነሥተው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብትል እኮ ጎርጎራ እስክገባ አላውቅም ነበር።»

«አዎ፣ የኔታ።»

ያጠፉትን ወረቀት ኪሳቸው ከተቱ።

«ከጎርጎራ ስመለስ ሽማግሌ ላክ» አሉ። «ሦስት ይሁኑ። አንድም እንዳይጎድል።»

ማኅሌት ሳቋን በአንዲት ትኩስ ወረቀት ሸፈነች።