የበረንዳው ፍራሽ

እ.ኤ.አ. በ1993 ክረምት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የእስራኤል ፖሊስ መርማሪው ይታየው ሻዩን ሳይጨርስ ስልክ ተደወለ። የሐዴራ ከተማው የከብት ሐኪም ዶክተር አሞስ በተቆለፈ ክሊኒኩ ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል።

ሬሳው በጀርባው ተንጋሏል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹ በጎኑ ተቃንተዋል። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። የፖሊስ ሐኪሞች «ማክሰኞ ማታ ነው የሞተው» አሉ። በሩን ከፍታ ሬሳውን ያገኘችው፣ ሃይፋ ከተማ እህቷ ዘንድ ሰንብታ የተመለሰችው ሚስቱ ኦርኒት ናት። እያለቀሰች ላም አርቢውን ዶሮንን ጠቆመች። ሐኪሙ ላሞቹ በበሽታ ምክንያት እንዲታረዱ ስላዘዘ፣ ዶሮን «እገልሃለሁ» ብሎ ሰው ፊት ዝቶ ነበር። ወዲያው ታሰረ። የይታየው አለቃም ደስ አለው፤ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ዳኛ ፊት ያቀርበዋል።

ይታየው ግን መቀመጥ አቃተው። የዛተ ሰው ገድሎ የሟቹን ዓይን ይከድናል?

ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት የከተማው ሰፈር፣ ወደ ቤት ኤሊዔዘር ሄደ። ክሊኒኩን እየከፈቱ እንስሳቱን የሚያጥቡትና የሚያበሉት ሽማግሌ፣ አባባ አለልኝ፣ በረንዳ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተኝተዋል። ሚስታቸው ወለላ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማቸው፣ እማማ?»

«ከማክሰኞ ማታ። ሻፓዓት ነው፣ ጉንፋን ነው ይላል። ሳህኑንም ብርጭቆውንም ለየ፤ ቤት አልገባም አለ።»

«ለጉንፋን ብርድ ላይ ይተኛል? ሌላ ጊዜስ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«የሞተ ውሻ ነክቶ ሲመጣ ታጥቦ ጀንበር ስትጠልቅ ይገባል እንጂ!»

«ሰሞኑን ልቅሶ ነበረባችሁ?»

«ኧረ ምን በወጣን! ማንም አልሞተብን።»

ይታየው ፍራሹን እያየ ነገሩ ገባው። ወደ እስራኤል ሲሰደዱ ሱዳን ላይ እናቱ ስትሞት፣ ሌላው ሁሉ ሲሸሽ ተሸክመው የቀበሯት አለልኝ ነበሩ። ከዚያም በቤተ እስራኤል ሥርዓት የሰው ሬሳ የነካ ይረክሳልና፣ ሰባት ቀን ከሰው ተለይተው ተቀመጡ። እኚህን ሰው እንዴት አሳልፎ ይስጥ? ዝም ቢል ደግሞ ዶሮን ባልሠራው ይበሰብሳል። ቀኑን ሙሉ ከተማውን ሲዞር ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ዶሮንን፣ ኦርኒትንና ሽማግሌዎቹን ክሊኒኩ ሰበሰበ። አለልኝ ከደጃፉ አላለፉም።

«ዓይኑን የከደነለት ሰው አዝኖለታል» አለ ይታየው በዕብራይስጥ። «ዶሮን ይጠላው ነበር፤ ቁልፍም የለውም። ኦርኒት ማክሰኞ ሃይፋ እንደነበረች ምስክር አላት። ሌላው ቁልፍ አባባ ዘንድ ነው።» ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «አባባ፣ ለምን ከቤት ወጡ?»

«የሞተ ውሻ ነክቼ ነዋ።»

«ለውሻ እስከ ማታ ይበቃል። እርስዎ ግን ይኸው ሦስት ሌሊት ውጭ አደሩ። ሰባት ቀን የሚያስወጣው የሰው ሬሳ ነው፤ ሬሳው የተገኘው ደግሞ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ የማንን ሬሳ ነኩ?»

ወለላ እሪ አለች።

«እዚህ የታመመችውን ባዝራ ሐኪሙ በመርፌ ሊገድላት መጣ» አሉ አለልኝ። «ሁለት ሳምንት አስታምሜያት መቆም ጀምራ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ ተናነቅን፤ ገፋሁት። ብረቱ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ዓይኑን ከድኜለት፣ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። ዶሮን ሲታሰርም ዝም አልኩ። ቤቴ እንዳይረክስ ፈራሁ፤ ለሰው ነፍስ ግን አልፈራሁም።»

ይታየው የዶሮንን ካቴና ፈትቶ ወደ ሽማግሌው ተራመደ። አለልኝ አፈገፈጉ።

«አትንካኝ፣ ልጄ፤ ትረክሳለህ። ካቴናውን መሬት ላይ አስቀምጠው፤ ራሴ አስረዋለሁ።»

ይታየው ካቴናውን ኪሱ ከተተ። እጃቸውን ግጥም አድርጎ ይዞ፣ እያለቀሰ ወደ መኪናው ወሰዳቸው።