ያልወረደው እራት

ልብስ ሰፊዋ የተገኘችው ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ ነው። ግንባሯ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ አርፏል። እግሯ ከመርገጫው ስላልተነሳ መርፌው ያንኑ አንድ ቦታ ይወጋል፣ ይወጋል።

መጀመሪያ ያየቻት ቀሚሷን ልትለካ የመጣችው ሙሽራ ነበረች። የተኛች መስሏት ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። አልነቃችም። ከንፈሯ ጠቁሯል። ሙሽራዋ ወደ ጓዳ ስትጣራ አብሯት የሚሠራው ጨርቅ ቆራጭ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ።

ሆስፒታል ስትደርስ ትንፋሿ አልተቋረጠም ነበር። ደሟ ሲመረመር ግን ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘበት። ሐኪሞቹ ለፖሊስ ደወሉ።

የመጣው መርማሪ ጠና ያለ፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ጠይቆ መልሱን ካገኘ በኋላም ሰውየውን ዝም ብሎ ያየዋል። ብዙ ሰው ያን ዝምታ መሸከም ሲያቅተው ያልተጠየቀውን ይዘከዝካል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት ሁለት ስፌት መኪና፣ ከጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ጓዳ፤ እዚያ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያና የሻይ ማፍያ አለ። ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ ለመርማሪው እንደነገረው፣ ሰፊዋን ሰፈሩ የሚያውቃት «ዝግታ» በሚል ቅጽል ነው። ስሙ የወጣላት ከአበላሏ ነው። አንድ ሳህን ሾርባ ይዛ ሌላው በልቶ፣ ታጥቦ፣ ወደ ሥራው ሲመለስ እሷ ገና ግማሹ ላይ ናት። አልወርድ ሲላት ከወንበሯ ትነሳለች፣ እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋለች፣ ደረቷን ትነፋለች። አንዳንዴ ፈገግ ብላ ወደ ጓሮ ትሄድና ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። ሠርግ አትሄድም፣ ግብዣ አትቀበልም። የማያውቃት ኩራተኛ ይላታል።

በሽታ ነው። በምግብ ቧንቧዋና በጨጓራዋ መካከል ያለው በር አልከፈት ይላል። ቧንቧው ራሱም የመግፋት አቅሙን አጥቷል። ከሺህ ሰው አንዱን እንኳ አይነካም፤ ለዚህም ነው የበሽታውን ስም የሚነግራት ሐኪም እስክታገኝ ድረስ ዓመታት ያለፉት። አንዱ ጨጓራ ነው አላት፣ ሌላው ጭንቀት። አንዱማ ትዳር ብትይዢ ይለቅሽ ነበር ብሏታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ልትተኛ ነበር። ሥራውን የሚያውቀው ሐኪም ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ ተራ ያመለጠው ሰው ደግሞ እንደገና ብዙ ይጠብቃል። ጠዋት ሱቅ የገባችው የመጨረሻውን ቀሚስ ልትጨርስ ነው። ገብታ የቀመሰችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆራጩ ያፈላላት ሻይ።

«ሻዩን ማን አፈላው?» አለ መርማሪው።

«እኔ።»

«ብርጭቆውንስ ማን አጠበው?»

ቆራጩ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ። ሁሌም እኔ ነኝ የማጥበው።»

መርማሪው ዝም አለ። ቆራጩ መናገር ጀመረ። ጫማ ሻጩ ለመርማሪው ሰማሁ ያለው ጭቅጭቅ እውነት ነው። ባለፈው ቀን ተጯጩኸዋል። ሱቁን ተረከብ ብላው ነበር፤ እስክትመለስ ደንበኞቹን እሱ እንዲይዝ። እሱ ደግሞ ጨርቅ እቆርጣለሁ እንጂ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም፣ ልታዋርጂኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸ። ሻዩን ያፈላው ለዕርቅ ነበር። ትኩስ ነገር ጉሮሮዋን እንደሚያላቅቅላት ያውቃል።

ዕርቅ ነው ያለው ነገር ለፖሊሶቹ ሰበብ መሰላቸው። ጠብ አለ፣ ሻይ አለ፣ የታጠበ ብርጭቆ አለ። ቆራጩ ጣቢያ ታሰረ።

መርማሪውን ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ሰውየው ሊገድላት ቢፈልግ ኖሮ፣ ሙሽራዋ ልትለካ በምትመጣበት ሰዓት ባላደረገው ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የዝግታን ታላቅ እህት አገኛት። ወላጆቻቸው ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ታላቅየዋ አላገባችም። ትሠራበት የነበረውን መዋዕለ ሕፃናትም የእህቷ ሕመም ሲብስ ትታለች። እህቷ ምን እንደቀመሰች ሲጠይቃት ረጋ ብላ መለሰችለት። እህቷ የቀዶ ሕክምናው ፍርሃት ሆዷን ዘግቶት ማታ ምንም ሳትቀምስ ነው የተኛችው፤ ጠዋትም እንዲሁ ወጣች።

መርማሪው አመስግኗት ወደ ሐኪሟ ገባ። ሐኪሟ ከሌላ ታካሚ ተመልሳ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። የዝግታን ጨጓራ ከማጠባቸው በፊት ቧንቧውን ማጽዳት እንደነበረባቸው ነገረችው፤ ግማሹ ሞልቶ ነበር።

«በምን?»

«በዱባ ሾርባ። የማታ መሆን አለበት። እሷ ዘንድ እራት አይወርድም፤ ያድራል።»

ሾርባውን እንዳለ ለላቦራቶሪ ልካዋለች። ውጤቱ ማምሻውን መጣ። የተፈጨ የእንቅልፍ መድኃኒት ከሾርባው ጋር ተቀላቅሏል።

«ሻዩስ?» አለ መርማሪው።

«ሻዩ መድኃኒቱን አላመጣውም። ሞቆ ያንን በር ከፈተውና ካደረው ግማሹን ገፍቶ አወረደው። በአንድ ጊዜ።» ቀጥላ አስረዳችው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሾርባ በበላ ብዙም ሳይቆይ ይተኛ ነበር። ዝግታ ግን ደህና አድራ፣ ለብሳ፣ ሥራ ገባች። ግማሹ ቧንቧዋ ውስጥ መቅረቱም ነው ነፍሷን ያተረፈው።

ዝግታ ስትነቃ ድምጿ ሻክሮ ነበር። መርማሪው የጠየቃት አንድ ነገር ነው፤ ማታ ምን በሉ?

«የእትዬን ሾርባ» አለች።

ከዚያ ለምን እንደጠየቃት ገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መርማሪው ቤታቸው ሲደርስ ታላቅየዋ ወጥ ቤት ነበረች። ቤቱ ሁሉ ለአንድ ሰው ጉሮሮ የተሠራ ይመስላል። ወንፊቱ በየመጠኑ ተሰቅሏል። መፍጫ ማሽኑ ከምድጃው የበለጠ ቦታ ይዟል። በተከፈተው በር በኩል የዝግታ አልጋ ይታያል፤ ተኝታ ምግቡ ወደ ሳንባዋ እንዳይመለስ የራስጌው እግሮች በጡብ ከፍ ተደርገዋል፣ ትራስ በትራስ ላይ ተደርድሯል።

«እራት አልበላችም ብለውኝ ነበር» አለ።

እሷ ምድጃውን አጠፋች። እሱም አልደገመም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልገድላት አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ቀኑን ተኝታ እንድትውል ነው። ተራው እንዲያልፋት።»

መድኃኒቱ የራሷ ነው፤ እናታቸው ካረፈች ጀምሮ እንቅልፍ ስለሚነሳት የታዘዘላት። የተለመደው መጠን እህቷ ጨጓራ አይዘልቅም ብላ አበዛችው። ከዚያ ደግሞ ፈራች። በእንቅልፍ ልቧ ትታነቃለች ብላ ፈራች።

«ሌሊቱን ሙሉ ትራሷን ደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ምንም አልሆነችም። ነግቶ ስትነሳ እግዜር አተረፈኝ ብዬ አለቀስኩ። ወጥታ ስትሄድም ዝም አልኳት።»

«ቆራጩ ሲታሰርም ዝም አሉ።»

«አዎ።» አንገቷን ደፋች።

«ለምን እንዳትድን ፈለጉ?»

እጇን በወጥ ቤቱ ዙሪያ አዞረች፤ ወንፊቶቹን፣ ማሽኑን፣ ትራሶቹን።

«ከዳነች ሁሉን ትበላለች። ከሰው ጋር ትቀመጣለች፣ ትጋበዛለች፣ ታገባለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ማታ ማታ የማስበው፣ በማግስቱ ስነሳ ምን እንደምሠራ ነበር። ይኸውልዎ፣ አንድም ነገር አልመጣልኝም።»

መርማሪው በሥራ ዘመኑ ብዙ የክፋት ቃል ተቀብሏል። ይህንን ሲሰማ ግን ማስታወሻ ደብተሩን ከደነ። ቀጥሎ ነጠላዋን እንድትደርብ ነገራት፤ ውጭ ይበርዳል።

ቆራጩ ያንኑ ምሽት ተፈታ። የዝግታን ተራ ሐኪሟ አስከብራላት ስለነበር፣ ሰውነቷ ሲጠነክር ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ፍርድ ቤት ቀርባ ቃሏን ስትሰጥ አላለቀሰችም። እህቷ ልትገድላት እንዳልፈለገች፣ ግን ልትለቃትም እንዳልፈለገች ተናገረች። ዳኛው ሁለቱንም መዝግበው ታላቅየዋ ላይ እስር ፈረዱ።

ዝግታ እህቷን ለመጠየቅ ወህኒ ቤት ስትሄድ ብዙ ጊዜ አልፎ ነበር። ፊቷ ሞልቷል። በሽቦው ማዶና ማዶ ተቀመጡ። ስለ ሱቁ፣ ቆራጩ ራሱ ስለሰፋት የመጀመሪያ ጠማማ ቀሚስ አወሩ። ታላቅየዋ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዛሬ ምን እንደበላች ጠየቀቻት።

«ዳቦ» አለች ዝግታ። «ደረቁን። እየሄድኩ።»

ታላቅየዋ ወደ ሽቦው ተጠጋች። ዓይኗ ሞላ።

«ቢሆንም ውሃ ከአጠገብሽ እንዳይለይ» አለች።

ዝግታ ውሃ ይዞ መዞር ከተወች ሰነባብታለች።

«እሺ፣ እትዬ» አለቻት።