ከጥፍሩ ሥር የተገኘው ደም

ኪዳነ ወልድ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ወደ ምድር ቤት በሚያስወርደው ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ከሥራ የተመለሰችው ሚስቱ ልዕልት ናት። ሁሉም «ወድቆ ነው» አለ። መርማሪዋ ሣህሊቱ ግን የሟቹን ቀኝ እጅ ስታይ ሁለት ጥፍሮቹ ተሰብረዋል፤ ከሥራቸውም ደም አለ። ግድግዳው ላይ አንድም ጭረት አልነበረም።

ከሸሚዙ ኪስ የላቦራቶሪ ደብዳቤ አወጣች። ኪዳነ ወልድ ከልዕልት የተወለደችውንና አዲስ አበባ የቀረችውን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ሚሪያምን ለማምጣት ከኢሚግሬሽን የዲኤንኤ ምርመራ ተጠይቆ ነበር። ሣህሊቱ አንብባ ከማስረጃዎቹ ጋር አስቀመጠችው።

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተውበታል?» አለቻት ልዕልትን።

«ሦስት ቀን አላነጋገረኝም። ደክሞት መስሎኝ ነበር።»

ታናሽ ወንድሙ እሴይ በዚያ አገር በጋ በሆነው በነሐሴ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከጎረቤት ከተማ ከታኮማ ደረሰ።

«መጨረሻ የተያያችሁት መቼ ነው?» አለችው ሣህሊቱ።

«ከወር በላይ ይሆናል። ዛሬ ኮል ሲያደርጉልኝ ነው የሰማሁት። እኔን ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው!»

ምድር ቤቱን የተከራየው ሾፌሩ ዱሬሳም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እንደነበር ተናገረ። ሣህሊቱ ከሦስቱም የጉንጭ ናሙና ጠየቀች። ቀድሞ አፉን የከፈተው እሴይ ነው። «ኦኬ፣ ውሰዱ። ግን ወንድሜ ነው፤ ደማችን አንድ ነው።»

በአሥረኛው ቀን ሦስቱንም በሟቹ ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ላቦራቶሪው ዲኤንኤ ላይ ሰው ከሰው የሚለይባቸውን ሃያ ያህል ቦታዎች ያነባል» አለች። «በየቦታው ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ከሟቹ ጥፍር ሥር የሌላ ወንድ ደም ተገኝቷል። የዱሬሳ አይደለም።»

«ሶ የራሱ ይሆናላ!» አለ እሴይ። «የእኔን ቢመስል የወንድማማች ደም ይመሳሰላል።»

«ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይሆንም። ፍጹም መንትያ ካልሆኑ በቀር ወንድማማቾች ሃያውም ቦታ ላይ አይገጥሙም። ይህ ደም ግን ከእርስዎ ጋር ሃያውም ላይ ገጥሟል። ለወር ያላዩት ሰው ጥፍር ሥር እንዴት ገባ? የዚያን ቀንስ በዚያ ሙቀት አንገትዎን የሸፈኑት ለምንድን ነው?»

የእሴይ እጅ ወደ አንገቱ ሄደ።

«ደብዳቤው ኪዳነ ወልድ የሚሪያም አባት አይደለም ይላል። የልጅቷም ቁጥሮች እዚያው ሰፍረዋል። በየቦታው ከሁለቱ አንዱ የእርስዎ ነው። አባቷ እርስዎ ነዎት።»

ልዕልት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«አንተ ነህ ወይ ብሎ አነቀኝ» አለ እሴይ። «ልጅቷን ይተዋታል ብዬ ፈራሁ። ገፋሁት።»

ሣህሊቱም፣ ኪዳነ ወልድ በሞተበት ቀን ጠዋት ለጠበቃው የላከውን ኢሜይል አቀበለችው።

«ጮክ ብለህ አንብበው» አለች ልዕልት።

«ውጤቱን አይቻለሁ» ብሎ ጀመረ እሴይ። «ሚሪያም ልጄ ናት...» ከዚያ በላይ አልቻለም።

የቀረውን ሣህሊቱ ጨረሰችው፦ «የምትመጣበትን ሌላ መንገድ ፈልጉልኝ። እሷ ግን ውጤቱን እንዳትሰማ።»