በሩን ሊከፍት የወጣ ሰው

ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። መብራቱም ድርግም አለ። ውስጡ የነበረችው ሴት የከተማው ሁሉ ድፍረት የተቀመጠባት ባለአደራ ነበረች። እያጋነንኩ አይደለም! ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሚስቱን ምጥ የያዛት፣ ልጁ ሳንቲም የዋጠበት ሁሉ የሚደውለው ለእሷ ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ ተቀባይ ናት። ባልደረቦቿ «ጥጥ» ይሏታል፤ ድምፅዋ ቁስል ላይ ቢያሳርፉት አያምም። ያን ድምፅ ሰምቶ ቢላዋ የጨበጠ ጠበኛ ሽንኩርት ሊከትፍ ተመልሷል። እሳትም ቢሆን ይሰማት ነበር፤ ችግሩ እሳት ስልክ አያነሳም።

ታዲያ ይህች ጀግና ጨለማ ውስጥ ስትቀር ምን አደረገች? በሩን በሁለት እጇ እየደበደበች ጮኸች።

«ኧረ ሰው! ኧረ የሰው ያለህ! ታፈንኩ!»

ከበላይዋ የወንድ ድምፅ መጣ።

«አለሁ እህቴ። ሊፍት ጠጋኙ ነኝ።»

«አውጣኝ! በናትህ አውጣኝ!»

«አወጣሻለሁ። አሁን የምልሽን ስሚኝ። ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁጭ በይ። ቁጭ አልሽ?»

«አ... አልኩ።»

«በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። በአፍሽ ቀስ እያልሽ ልቀቂ። ከአንቺ ጋር ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ጥጥ ቀና አለች። ቃሉ የራሷ ነበር! በየቀኑ ለስንቱ ፍጥረት የምትለው ቃል። ደግሞም ድምፁን ታውቀዋለች። ሌላው ሰው ፊት ያስታውሳል፤ እሷ የምታስታውሰው ድምፅ ነው፣ ያውም የሚያለቅስ ድምፅ።

«ይሄን አባባል... ከየት አመጣኸው?»

«የቱን?»

«የትም አልሄድም ያልከውን።»

ከላይ ሲንኳኳ የነበረው መፍቻ ዝም አለ።

«አንዲት ሴት ናት ያስተማረችኝ። እናቴ የሞተች ቀን።»

ጥጥ በጨለማው ውስጥ አፏን በእጇ ያዘች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት፣ ማለዳ፣ አንድ ሰው ደወለ። እናቱ ደረታቸውን ይዘው ወድቀዋል፤ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ጥጥ አምቡላንስ ላከች። ከዚያ ደንቡ የሚያዘውን ጠየቀች።

«ወንድሜ፣ የግቢው በር ክፍት ነው?»

«በሰንሰለት ነው የተቆለፈው!»

«ሂድና ክፈተው። አምቡላንሱ እንዳያልፍህ ቆመህ እጅህን አውለብልብ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገህ አጠገባቸው አስቀምጠው። ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ሮጠ። ሲመለስ እናቱ አልፈዋል።

ደንቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። በተቆለፈ በር ስንቱ ሞቷል! ግን የዚያ ሥራ ጭካኔው ሌላ ነው። አምቡላንሱ ሲደርስ ስልኩ ይዘጋል፤ የሌላ ሰው ጩኸት ይተካል። ማን ተረፈ፣ ማን ቀረ፣ የተወለደው ወንድ ነው ሴት፣ የሚነግር የለም። ጥጥ መጨረሻ የሌለው ታሪክ የሞላባት ሴት ናት። የዚያን ማለዳ መጨረሻ ግን ታውቃለች። ልጃቸው በር ሊከፍት በወጣበት ቅጽበት እናትየው ተናግረዋል። ለስልኩ። ለእሷ። ያን ቃል በምድር ላይ የሰማች እሷ ብቻ ናት።

ሊፍት ጠጋኙ ወደ ሞተሩ ክፍል ወጥቶ ፍሬኑን በእጁ እያላላ ሊፍቱን ቀስ አድርጎ አወረደውና በሩን ከፈተው። ቁመቱ፣ አምላክ ሲሠራው ሊፍት እንዳያስፈልገው ያሰበለት ይመስላል። ጉንጩ ላይ ግራሶ አለ። ዓይኑ... ስለ ዓይኑ ብጀምር አልጨርስም።

«ተረፍሽ?»

«ተረፍኩ... መሰለኝ።»

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየና ፊቱ በራ።

«የአደጋ ጊዜ ስልክ ነሽ እንዴ? እንግዲያውስ ያቺን ልጅ አገናኚኝ! ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ከሺህ ሴት መሃል አውቀዋለሁ።»

ወንድ ልጅ ከሺህ መሃል አውቃለሁ የሚለውን ነገር ፊቱ ሲያስቀምጡለት አያውቀውም። በእርግጥ አይፈረድበትም። ያ ድምፅ ለጥጥ የሥራ ልብስ ነበር፤ ከጆሮ ማዳመጫው ጋር አውልቃው ነው የምትወርደው። ከሥራ ውጭ ድምፅዋ ችኩልና ሸካራ ነው።

«እኔ... መዝገብ ቤት ነኝ» አለች። «ያቺ ልጅ ደግሞ ለቃለች።»

ለምን እንደዋሸች ራሷም አታውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ዓይኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ፣ በዓመት አንዴ የሚበላሸው ሊፍት እንደ ጥርስ አብቃይ ሕፃን በየቀኑ ይታመም ጀመር።

«አንተ ነህ አሉ የምታበላሸው!»

«እኔ? እኔ መጠገን ብቻ ነው የምችለው።»

«ትናንት ምን ሆኖ ነበር?»

«ናፍቆት» ይላል ኮስተር ብሎ፣ ብሎን እያጠበቀ።

ትስቃለች። ደረጃውን ስትወጣ ግን ሳቋ እየቀለጠ ነው የሚሄደው። ማዳመጫውን ስትሰካ ጩኸቱ ይጠብቃታል። አንዱ ሱሪዬን ሚስቴ ደበቀችብኝ ብሎ ይደውላል፤ ቀጥሎ ያለችው ባሏ ውሃ ውስጥ ገብቶ የቀረባት ናት። ለሁለቱም «አይዞህ፣ አይዞሽ» ትላለች። እጇ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ነው የሚደርሰው። ከዚያ ያለፈ ሰው መያዝ አትችልም።

አንድ ቀን ታላቅ እህቷ ኩሽና ውስጥ ድስት ጣለች። ጥጥ ከሶፋው ተፈናጥራ ተነሳች።

«አድራሻዎን ይንገሩኝ!»

«አድራሻዬማ ኩሽና ነው!» አለች እህቷ እየሳቀች። ወጥታ የታናሿን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ምነው የኔ እናት?»

«ምንም አይደለም።»

«ይሄ ሥራ አጥንትሽን ጋጠው!»

አንድ እሑድ ከሰዓት ሊፍት ጠጋኙ ቤቱን ሊያሳያት ወሰዳት። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ሌባ አትፈራም?»

«ምን ሊወስድ? መፍቻዬን?» ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። «እማ ከሄደች ወዲህ ዘግቼው አላውቅም። በር ልከፍት ባልወጣ ኖሮ... ብቻዋን ሞተች እኮ። ጠርታኝ ይሆን? ተቀይማኝ ይሆን? ያቺ ልጅ ብቻ ናት የምታውቀው። እውነት የት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው ጠፋ?»

ልትነግረው አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ብትነግረው፣ ከእናቱ አጠገብ ያስነሳችው እሷ መሆኗን ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ያ ዓይን ዳግመኛ አያያትም።

«ጠፋ» አለች።

እሱም ወሬ ማሳመር አይችልበትም፤ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ «አግቢኝ» አላት።

«አልችልም።»

«ሰው አለሽ?»

«የለኝም።»

«እጄ ግራሶ ስለሚሸት ነው?»

«አይደለም! አይደለም...»

«ታዲያ ምንድነው?»

ከተማ የሚያረጋጋው አፏ ተለጎመ። አንገቷን ደፋች።

«እሺ» አለ ቀስ ብሎ። «ገባኝ።»

አንዳችም አልገባውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሊፍቱ ጤናማ ሆነ። እንዲያ ያለ የጨከነ ጤና በሊፍት ታሪክ ታይቶ አይታወቅም!

ሰነባብታ ለእህቷ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«ብነግረው ይጠላኛል።»

«ይጥላሽ! ቃሉ ያንቺ ነው እንዴ? የእናቱ ነው። የሰው አደራ ይበላል?»

«ባጣውስ?»

«አሁንስ አለሽ?»



የዓመቱ ፍተሻ ደረሰና ሊፍት ጠጋኙ ግዴታው ሆኖ መጣ። በምሳ ዕረፍቷ ወረደች። እሱ ምድር ቤት ሊፍቱ ውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቷል፤ መፍቻው ይንኳኳል። ሁለት ጊዜ እጇን አንስታ መለሰችው። በሦስተኛው አንኳኳች።

«እዚያ ነህ?»

መፍቻው ቆመ። «አንቺ ነሽ? ቆይ ልክፈት።»

«አትክፈተው! በናትህ... ፊትህን እያየሁ አልችልም። እኔ ሰው ማናገር የምችለው ሳላይ ነው።»

ግንባሯን በቀዝቃዛው ብረት ላይ አስደገፈች። ያን የሥራ ድምፅዋን ፈልጋ አወጣችው።

«ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ከውስጥ መፍቻው ወለሉ ላይ ወደቀ።

«አንቺ...»

«እኔ ነኝ። ሂድና ክፈተው ያልኩህ እኔ ነኝ። መዝገብ ቤትም የለሁ፣ የለቀቀም ሰው የለ። ስጨርስ የፈለግከውን በለኝ። አሁን ግን ስማኝ።»

ሁለት መዳፏን በሩ ላይ አሳርፋ ቀጠለች።

«እናትህ ተናግረዋል። መጀመሪያ 'ሄደ?' አሉ። 'በር ሊከፍት ነው እናቴ፤ አሁን ይመጣል' አልኳቸው። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ...»

የሥራ ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። ሕይወቷን በሙሉ ለሰው ያበደረችው ያ ድምፅ፣ ለራሷ ስትፈልገው ከዳት።

«ከዚያ 'ጫማ አድርጓል? ወለሉ እኮ ብርድ ነው' አሉኝ።»

ቁልቁል የራሷን ጫማ አየች።

«አድርጓል አልኳቸው። ባዶ እግርህን ስትሮጥ ኮቴህን በስልኩ እየሰማሁ... አድርጓል አልኳቸው። 'እሺ' አሉ። ሌላ አልተናገሩም።»

ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ማዳመጥ ነው የምታውቀው፤ አዳመጠች። ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ፣ ተቆራረጠ። ልታቅፈው ፈለገች፤ በመሃላቸው ብረት አለ። ልታባብለው ፈለገች፤ «አይዞህ» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆነባት።

በመጨረሻ ከውስጥ የልጅ የሚመስል ድምፅ መጣ።

«አድርጌያለሁ።»

ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፦

«አድርጌያለሁ እማ።»

ያኔ አለቃዋ ከደረጃው ላይ ተጣራች። «ጥጥ! ኧረ ጥጥ! መስመሩ ሞላ፣ ነይ ውጪ!»

«መሄድ አለብኝ» አለች በሩን። «አምላኬ... አሁንም መሄድ አለብኝ።»

«የትም አልሄድም» ባይዋ፣ የሚያለቅስ ሰው ጥላ ደረጃውን ወጣች።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ደወለች። ሕፃን ልጇ አልነቃ ብሏታል። ጥጥ እንዴት እንደምትይዘው፣ እንዴት እንደምትተነፍስለት ነገረቻት። ሴትየዋ ትተነፍሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተነፍሳለች። ከዚያ የበር ድምፅ፣ የወንዶች ድምፅ፣ «ደርሰናል»... መስመሩ ተዘጋ።

ሥራዋን ጨርሳ ስትወርድ ሊፍቱ ተከፍቶ ቆሟል፤ ባዶ ነው። መፍቻው እንኳ የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እግሯ ወደ ሰፈሩ ወሰዳት። የግቢውን በር ከሩቅ አየችው። ተዘግቷል! በእናቱ ሞት ማግስት ያልተዘጋው፣ በዝናብ ያልተዘጋው፣ በነፋስ ያልተዘጋው በር ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

«ዘጋብኝ» አለች ለራሷ።

ዞረች። ጥቂት ሄደች። እጇ ግን የእህቷን ቃል ሰምቶ ነው መሰል፣ መልሶ ጎተታት። አንኳኳች።

ከውስጥ ከባድ የጫማ ኮቴ ተሰማ፤ እየሮጠ።

«መጣሁ! መጣሁ!»

ሰንሰለቱ ተንኳኮተ፤ በሩ ተከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል። የሥራ ጫማውን ክሩን እስከ ላይ አስሮታል።

«በሩን... ዘጋኸው» አለች።

«ዘጋሁት። ክፍት ከሆነ ሰው ዝም ብሎ ይገባል። ለአንቺ ግን ወጥቼ ልከፍትልሽ ፈለግኩ።»

«ብቀርስ?»

«እዚሁ አረጃ ነበር፤ ቁልፉን ይዤ።» ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ብቻዋን አልሞተችም ለካ። አንቺ ነበርሽ። ጫማ አድርጓልም አልሽልኝ።»

«ዋሸኋቸው።»

«እንኳን ዋሸሽ።»

ያኔ ቀኑን ሙሉ የያዘችው ነገር አመለጣት።

«ዛሬ ሕፃን ነበር...» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ደረሱ፤ ስልኩ ተዘጋ። ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም። ነገም አላውቅም። መቼም አልሰማም!»

ሊፍት ቢሆን ይጠግነው ነበር። ይሄ ግን ብሎን የለውም። ረጅሙ ሰው እጆቹን አንጠልጥሎ ቆመ፤ ከዚያ ስቦ ደረቱ ላይ አስደገፋት። እስክታባራ ድረስ አለቀቃትም።

ሲበቃት ከበሩ ፈቀቅ አለላት።

«ግቢ» አላት። «የእኛን መጨረሻ እንኳ አብረን እንየው።»