የእታለም ሰዓት

ጸሐፊው መጽሔቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ዮፍታሔ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት መሃሉ ጣለ። መጽሔቱ ተዘጋ።

ሚኒባሱ ከኮተቤ ተነስቶ ወደ መገናኛ እየሄደ ነበር። ከኋላ ወንበር ያሉትን ሁለቱን ያየ ሰው የለም።

«የቦቱ ሙሉ የይለፍ ቁልፍ ነው?» አለ ጸሐፊው።

«ሙሉው ነው ጋሼ። ይሄን የያዘ ሰው በቦቱ ስም ለፈለገው ይጽፋል።»

«ልጅቷስ?»

«ዛሬ አራት ሰዓት። እንጦጦ ራጉኤል፣ ጧፍ ሻጮቹ ጋ። ድምፁን የቀዳችበትን ፍላሽ ትሰጠኛለች። ቁልፉ ግን ለምን አስፈለገዎት?»

«ለጥንቃቄ። አንተ አንድ ነገር ብትሆን ክበቡን ማን ይከታተላል?»

አባባሉ እውነት ይመስል ነበር። ጸሐፊው ላምበረት ላይ «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ። በምርመራ ቢሮው የዮፍታሔ አለቃ ነው፤ «ጸሐፊው» የምስጢር ስሙ ነው።

«ዮፍታሔ» የሚለውም የውሸት ስም ነው። ስሙን ከያዘ ስምንት ወር ሆኖታል። ኮተቤ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የፈተና ወረቀት ቀድሞ የሚሸጥ ቡድን ነበረ። ዮፍታሔ ተማሪ መስሎ ገባ። ሁሉንም ለመተዋወቅ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ክበቡን ተጠጋ፤ የክበቡን ዝግጅቶች በቴሌግራም የሚያስታውስ ቦት ሠራለት። ስሟን «እታለም» አላት። እንደ ታላቅ እህት ትነዘንዛለች።

«እታለም ነኝ። ነገ የደም ልገሳ አለ። ቁርስ ሳትበሉ እንዳትመጡ፣ ኋላ ተዘርራችሁ ታሳፍሩኛላችሁ።»

ተማሪዎቹ ወደዷት። ግን ያው ያረፍዱ ነበር። ስለዚህ ዮፍታሔ አንድ ብልሃት ጨመረባት፤ እታለም የእያንዳንዱን ሰው ማርፈድ እየለካች ሰዓቱን ቀንሳ ትነግረዋለች። ለጌድዮን አንድ ሰዓት። ለሐመልማልም አንድ። ለራሱ ለዮፍታሔ ሁለት። ሁሉም ያረፈዱ እየመሰላቸው በሰዓቱ ይደርሳሉ። በጣም ኮርቶበት ነበር፤ ብልሃቱ ግን የሠራው ሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ልጆቹ ነቁ። «ባክህ፣ የእታለም ሰዓት ነው» እያሉ በዚያው ልክ ማርፈድ ጀመሩ።

እውነተኛው ሰዓት የሚነገራት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሲፈን።

«እታለም ለምን እኔን አትዋሸኝም?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«አንቺ ስለማታረፍጂ።»

«የሰዓቱ ጌታ ግን ራሱ ያረፍዳል» አለችና ሳቀችበት። የወረቀት ሻጮቹን አለቃ በስልክ ሲደራደር የቀዳችው እሷ ናት። የማን ድምፅ እንደሆነ አታውቅም። ያመነችው ዮፍታሔን ብቻ ነው።

መገናኛ ሲደርስ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። እታለም የምትልከው መልእክት ሁሉ ቅጂው ለእሱ ይደርሰዋል።

«እታለም ነኝ። ሲፈንዬ፣ ሰዓቱ ተቀይሯል። ሦስት ሰዓት ድረሺ። መኪና ይመጣልሻል።»

እሱ አልጻፈውም።

ከሥሩ «ተነብቧል» ይላል።

ወዲያው ሌላ መጣ። «ከአስተዳዳሪነት ተነስተዋል።»

ቁልፉን የሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ድምፁን ለመስማት ፍላሹ አላስፈለገውም፤ የማን እንደሆነ አሁን ያውቃል።

ሲፈን ጋ ደወለ። ዝግ ነው። ዝግ መሆኑማ ያለ ነው! «ማስታወሻውን እንዳነበብሽ ስልክሽን ዝጊ፤ እንዳይከታተሉሽ» ብሎ ያስተማራት ራሱ ነው። የምትኖርበት የአክስቷ ቤት ሽሮ ሜዳ ነው፣ እንጦጦ ሥር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች። ቢሮው ጋ ሊደውል አሰበ። የሚያውቀው የቢሮ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። እሱም የጸሐፊው ነው።

አንድ ላዳ ለብቻው ያዘና «ራጉኤል! በፍጥነት!» አለ።

አንድ ተስፋ ቀርቶታል። ለቀጠሮው ሽፋን እንዲሆን የዛሬው የክበቡ የእግር ጉዞ ከዚያው ከራጉኤል በር ነው የሚነሳው። ትክክለኛው ሰዓት አራት ነው፤ እታለም ግን ለአብዛኞቹ ሦስት ብላቸዋለች። አንድ ቀን፣ ዛሬን ብቻ፣ እሷ ባለችው ሰዓት ቢገኙ አርባ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። አርባ ሰው ፊት ልጅ አትታፈንም።

ጌድዮን ጋ ደወለ።

«የት ነህ?»

«ሽሮ ሜዳ! ደርሻለሁ በለኝ።»

ከጌድዮን ጀርባ አንድ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጮኻል። ገና ከሰፈሩ ከየካ አባዶ አልወጣም።

ሐመልማል ጋ ደወለ።

«በእናትሽ፣ አሁኑኑ ውጪ። ሦስት ሰዓት ነው!»

«አይ ዮፊ፣ የእታለም ሰዓት መሆኑን ማን አጣው?»

«ዛሬ እውነቷን ነው!»

«ሁሌም እንደዛ ነው የምትለው» አለች እየሳቀች። ፀጉሯን ሳትሠራ እንደማትወጣ ነግራው ዘጋችው።

አሥራ አንድ ሰው ጋ ደወለ። አሥራ አንዱም መንገድ ላይ ነን አሉት። መዋሸቱን ያስተማራቸው እሱ ነው፤ ማንን ይቆጣል?

ስድስት ኪሎ ላይ መንገዱ ተቆፍሯል። መኪናው ቆመ።

ሦስት ሰዓት ሆነ።

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዮፍታሔ በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ሮጦ እንደማይደርስ ገባውና ተመልሶ ተቀመጠ። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ አቅም ያጣበት ጊዜ የለም።

ራጉኤል በር ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ከአርባ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ምእመናን ያለ ግርግር ይሳለማሉ። ሲፈን የለችም።

«እማማ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ አላዩም?»

ጧፍ የሚሸጡት ወይዘሮ ሸዋረጋ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ነህ የሚያረፍደው ልጅ?»

 «እኔ ነኝ እማማ።»

«ልክ ሦስት ሰዓት መጣች። ነጭ መኪና ቆመና ሁለት ሰዎች ወረዱ። ስታያቸው ጧፍ እንደሚገዛ ሰው ጎንበስ ብላ ይህቺን አስጨበጠችኝ። የሚያረፍድ ልጅ ይመጣል፣ ለእሱ ይስጡልኝ አለች።» ጣት የማታክል ፍላሽ በመዳፉ አኖሩለት። «ከዚያ ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ወሰዷት። ዘመዶቿ መስለውኝ ነበር ልጄ።»

«ጮኸች?»

«አልጮኸችም። መንገዱን ታያለች፣ ሰዓቷን ታያለች።»

ልጆቹ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል እየተሳሳቁ መጡ። ጌድዮን ትከሻውን መታ አደረገው። «እታለም ደግሞ በሦስት ሰዓት አለችን እኮ!» ሁሉም ሳቁ። ቢናገር ሽፋኑ ይገለጣል፣ ፍላሹም ከእጁ ይወጣል። አብሯቸው ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት እግሩ እንዳይረግጠው የተከለከለው ዋናው ቢሮ ገብቶ ፍላሹን የበላይ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊው ተያዘ። ሻጮቹም ተለቀሙ። ጸሐፊው ግን ስለ ሲፈን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ሥራህ ተጠናቋል» አሉት ኃላፊዋ።

«ሲፈንስ?»

«እየተፈለገች ነው።»

«ቦቱን ላጥፋው።»

«ለምን? ጥሩ መሣሪያ ነው። ሌሎች ኮሌጆችም እንጠቀምበታለን።»

አዲስ መታወቂያ ሰጡት። አሁን ዓምደ ሚካኤል ነው፤ በከተማው ሌላ ዳርቻ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ይሠራል። ዮፍታሔ የሚባል ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ክፍለ ሀገር ሄደ ተብሎ ተወራ፤ ልጆቹም በሳምንቱ ረሱት።

አሮጌውን ስልክ ግን አልጣለውም፤ ቢሮው ቦቱን ሲያስመልስ የመልእክቶቹ ቅጂ እንደገና ይደርሰው ጀምሮ ነበር። አንድ አርብ ከሰዓት ተንቀጠቀጠ።

«እታለም ነኝ። ዮፍታሔ፣ ነገ የእግር ጉዞ አለ፤ ሁለት ሰዓት ራጉኤል በር። ደግሞ እንዳታረፍድ።»

እውነተኛው ሰዓት አራት እንደሆነ ያውቃል። ስሌቱን የጻፈው እሱ ነው። ከቅጂዎቹ መሃል የሲፈንም ስም አለ፤ ለእሷ አራት ሰዓት ብላ ጽፋላታለች፣ ሳትዋሻት።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ጧፍ ሻጮቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ሸዋረጋ አላወቁትም።

«ሰው ትጠብቃለህ ልጄ?»

«አዎ» አላቸው። «ገና ሰዓቷ አልደረሰም።»